የሰሞነኛው መድኃኒት

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት

ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበትክ እልሃለሁ። ጾሙን እንዴት ያዝከው? ስግደቱስ አላደከመህም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮ በርትቶ ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውኃ በረዶ ሠርቶ ይጠብቀኛል። ጎረቤቶቼ እማማ እባክዎ ትንሽ ያሙቁት ይሉኛል፤ እኔ ግን በረዶውን በማንኪያ ሰብሬ ፊቴን እታጠባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም። ዓይኔ ደክሟል። እጄ ግን እንደምታየው አሁንም መስመር አይስትም።

አገሩ ሁሉ አለቃ እያለ መስቀልህን ሲሳለም እኔ አንተ እያልኩ የምጽፍልህ ታላቅህ ስለሆንኩ ብቻ ነው፤ ንቀት አድርገህ እንዳትወስድብኝ። በስልክ ያልነገርኩህም ስልክህ እንደ ደብሩ ደወል ስለሆነ ነው። አንተ ታነሣዋለህ፣ ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ ያደርግልሃል፣ አጠገብህ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል። ይህ ግን ብቻህን በር ዘግተህ የምታነበው ነገር ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ጎረቤቴ ዘርፈሽዋል ናት፤ ለገበያ ወደ አንኮበር የምትመላለሰው። ማንበብ ትችላለች፤ የሰው ነገር ግን አይጥማትም። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድሜ፣ አንገሽግሾኛል። ከጥር ጀምሮ የበላሁት አልረጋልኝ ብሏል። በማን እንደምጀምር አላውቅምና ከራሴ ቤት፣ ማለትም ከምሠራበት ልጀምር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው የተመለስኩት ለምነውኝ እንደሆነ ታስታውሳለህ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መዋጣቸውን የሚከታተል ጠፋ፣ እርስዎ ጥብቅ ነዎት፣ ይምጡልን አሉኝ። ጥብቅ መሆኔን እነሱ ሳይሆኑ ያስተማሩኝ ሰዎች ናቸው የሚያውቁት። የነርስ ትምህርት ቤታችን ኃላፊ ነጭ ጓንት አጥልቃ የአልጋውን ብረት ከሥር በኩል የምትዳብስ፣ ጓንቱ ከጠቆረ አልጋውን እንደገና ከራስጌ እስከ ግርጌ የምታሳጥበን ሴት ነበረች። ታማሚ ዋጥኩ ቢላችሁ አመስግኑት፤ ከዚያም አፉን አስከፍቱት ትለን ነበር። እኔ በዚህ ነው ያደግሁት።

ዛሬ ክትትል የሚባለው እንዲህ ነው። ታማሚው ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል፤ የተረፈው ክኒን በጣት እየተገፋ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ከገጠመ ጥሩ ተብሎ ይጻፍና ቀጥል ይባላል። ማን ዋጠው? ወዴት ሄደ? የሚጠይቅ የለም። ሰዉም ይህን አውቆታል። አንዱ መጀመሪያ ሽንት ቤት ጎራ ብሎ ትርፉን ደፍቶት ይገባል። አንዷ ያጎደለችውን ከጓደኛዋ ወስዳ ትሞላለች፤ ተራው ሲገለበጥ ደግሞ ለዚያችኛዋ ትመልሳለች። ስማቸው እንዳይነበብ የጠርሙሱን ወረቀት ይልጡና አግዳሚ ወንበሩ ሥር ይለጥፉታል። አንድ ቀን ጉልበቴ እያመመኝ ተንበርክኬ በቢላ ስፍቀው ዋልኩ። የታኘከ ማስቲካ፣ የደረቀ ንፍጥ፣ የሰው ስም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቆ። እጄን ደጋግሜ ብታጠብ አልጠራ አለኝ። ልጆቹን፣ ማለቴ ነርሶቹን፣ ይህን ሳታዩ እንዴት ትቀመጡበታላችሁ አልኳቸው። እማማ፣ ከላይ እኮ ንጹሕ ነው አሉኝ።

አሁን ስለ ልጅህ ባል ልንገርህ።

ሠረቀብርሃን ከእናቱ ማኅፀን የተላለፈበትን ደዌ ይዞ እንዳደገ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መድኃኒቱን እየዋጠ ከድቁና ለቅስና እንደበቃ፣ ይህንንም አንዲት ሳይደብቅ ነግሮህ ልጅህን አመተ ማርያምን እንደጠየቀህ አንተው ታውቃለህ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከዋጠ ለሚስቱም ለሚወለደውም ልጅ እንደማያስተላልፍ ሐኪሙ በፊትህ ነግሮናል። ያኔ እሺ ስትል እኔ አልጠበቅሁም ነበር። ሌላ አባት የልጁን እጅ ይዞ ይሸሽ ነበር። አንተ ግን፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚውጥ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ይኖራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ልጁን ይድራል አልክ፤ ከሐኪሙ ይልቅ እርግጠኛ ሆነህ። በዚያ ቀን ኮርቼብህ ነበር።

ልጁ የአንኮበር ሰው እንዳያውቅበት መድኃኒቱን የሚወስደው ከእኛ ዘንድ ነው። ጠርሙሱን ሲያመጣ ጎድሎበትም ተርፎበትም አያውቅም። ኅዳር ላይ ደሙ ሲመረመር ግን ቫይረሱ ከፍ ብሎ ተገኘ። በየወሩ እየተጠራ ተመከረ፤ ቆጠራው አሁንም ልክ። ጥር ላይ እንደገና ተመረመረ፤ ብሶ ተገኘ። ሲስተር መስከረም የምትባል ወጣት ነርስ አለች፤ ትጉ ልጅ ናት። ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶታል፣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ መድኃኒት እናዛውረው አለች። በሕጉ ከሆነ ልክ ናት። እሱም አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

እኔ ግን ቀና በል አልኩት። መድኃኒትህን ትውጣለህ?

እማማ፣ ጠርሙሱ ባዶ ነው አለኝ።

ስለ ጠርሙሱ አልጠየቅሁህም አልኩት።

አንዲት ክኒን አልጣልኩም፣ ለማንም አልሸጥኩም፤ መስቀሌን ይዤ ነው የምነግርዎ አለኝ። ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር። ወንድሜ፣ በዚህ ሥራ የማይዋሸኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ውሸትን በጠረኑ እለየዋለሁ። ይህ ልጅ አልዋሸም። እውነቱን እያየው በጎን በኩል ነበር የሚያልፈው።

አንተ ለለቅሶ ደነባ በሄድክበት ሳምንት ወደ አንኮበር መጣሁ። ያልነገርኩህ ሆን ብዬ ነው። ሠረቀብርሃን ሰሞኑ፣ የቅዳሴ ተራው፣ ደርሶ ሳምንቱን ከሰሞነኞቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር የሚያድረው። አመተ ማርያም ብቻዋን አገኘኋት። ሆዷ ገፍቷል፤ ስትነሣ ወገቧን ትይዛለች። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ይህን ልጻፍላት። አልጋዋን ከሥር ዳብሼ ምንም አላገኘሁም። አክስቴ ዛሬም አልተዉትም? ብላ ሳቀችብኝ።

ራት ከመቅረቡ በፊት ስልኳ ጮኸ። የጠራት ሰው አልነበረም፤ ሰዓት እንዲያስታውሳት የሞላችው ነው። ተነሥታ ከሣጥኑ ጠርሙስ አወጣች፤ ጠርሙሱን አውቀዋለሁ፤ ከእጄ የወጣ ነው። አማተበች። አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ያችን ሞላላ ነጭ ክኒን ምላሷ ላይ አድርጋ በውኃ አወራረደቻት። ፊቷ ሲኮማተር አየሁ።

ምን ዋጥሽ አንቺ? አልኳት።

የእሱን ነዋ አለችኝ፤ ጨው አቀብዪኝ ያልኳት ያህል አቅልላ።

የማንን?

የቄሱን። ሰሞነኛ አይደለም እንዴ?

እኔ ልጅቷም ታማለች፣ ደብቀውኛል ብዬ ደሜ ደርቆ ነበር። እሷ ግን ተረጋግታ አስረዳችኝ። በሰሞኑ ሳምንት ክኒኑን ወደ ግቢው ይዞ አይገባም፤ ስለዚህ ጠርሙሱን ለእኔ ትቶልኝ ይሄዳል፤ እኔም በሰዓቱ እውጥለታለሁ አለች። ቆጠራውም አይጎድልበትም፣ ሰውነቱም አይጎዳበትም።

ሰውነቱ እንዴት ነው የማይጎዳው? አልኳት።

በተክሊል አንድ ሥጋ ሆናችኋል ተብለን የለም ወይ? አለችኝ። እሱ በሰሞኑ ስለ እኔ ይጾማል፣ ስለ እኔ ይቀድሳል። እኔ ቅዳሴ አልቀድስም፤ ስለ እሱ ክኒኑን እውጣለሁ። የአንዱ ለሌላው ይደርሳል።

እሱ ሲርበው አንቺ ብትበዪ ይጠግባል?

አይቆጡኝ አክስቴ፤ ተስካር ስንበላ ግን ለሞተው ሰው ይደርሰዋል እንል የለም እንዴ? ለሙት የደረሰ ለሕያው እንዴት ይቀርበታል?

ወንድሜ፣ ፊደል ያስቆጠርካት፣ ዳዊት ያስደገምካት አንተ ነህና መልሱን አንተው ስጣት። ተናድጄ ነበር፤ በንዴቴ መካከል ደግሞ ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁን ስውጠው ከክኒኑ የባሰ መረረኝ። ኋላ ግን፣ ባልሽ ገና አልሞተም፣ ተስካሩን አስቀድመሽ አትብዪበት አልኳት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ያልኩት ገባትና ሳቋ ተቋረጠ። ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች።

የሞኝ ነገር ነው ብለህ እንዳታልፈው። ዓመት ሙሉ፣ ሰሞኑ በደረሰ ቁጥር፣ በታላቅ ጥንቃቄ፣ አንድም ቀን ሳታዛንፍ ውጣለች። እኔ ከያዝኳቸው ታማሚዎች ሁሉ እንደሷ ሰዓት ያከበረ የለም። በሽታው ብቻ ነው የሌለባት። እሱ ደግሞ በሳምንቱ ባዶ ሰውነቱን ይዞ፣ ቫይረሱ እየነቃበት፣ ሰሞኑ ሲያበቃ ወደ እሷና ወደ ሆዷ ይመለሳል። ጤና ጣቢያው ጠርሙስ ይቆጥራል። ጥሩ ብሎ ይጽፋል።

ማን ነው በሰሞኑ አይዋጥ ያለው? አልኳት።

አባባ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ቅዳሴው እስኪወጣ ጠብቄ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ አስጠራሁት። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። ከጥምጣሙ በታች ያለው ፊቱ ጠብቦ የልጅ ፊት መስሏል። እንዳየኝ ነገሩ ገባውና መስቀሉን ለመስጠት እጁን ወደ ደረቱ ሲልክ፣ ቆይ፣ እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ንገረኝ አልኩት።

ነገረኝ። ሰሞነኞቹ በአንዲት ክፍል ተደርድረው ነው የሚያድሩት። ማታ ማታ ሹልክ ብሎ ሊውጥ ሲነሣ ጠርሙሱ ኪሱ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። መሪጌታ ገብረኪዳን ይህን ሰምቶ፣ ይህ ቄስ ጸናጽሉን በኪሱ ይዞ ነው የሚተኛው፣ ማኅሌት ሳይቆም ያንሿሿል እያለ ያስቅበት ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉ። ኧረ ቄስ ሠረቀ፣ እስኪ አንድ ወረብ አሰማን! ይሉታል፤ እሱ ባለፈ ቁጥር ከንፈራቸውን ገጥመው ጽል ጽል ያደርጋሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ምን እንደያዘም አያውቁም። ጨዋታው ግን አንተ ጆሮ ደረሰ። ጠራኸው። በሰሞንህ ያን ነገር ወደዚህ ግቢ እንዳታስገባ፣ ሥጋ ወደሙ ይበቃሃል አልከው። እንዲህ ነው ያለኝ፤ አንተ ያልከውን ጨምሮብህ ከሆነ ንገረኝ።

በጨርቅ ጠቅልዬ ልያዘው ብላቸው እንኳ አይሆንም አሉኝ አለ።

እምቢ አትልም ነበር ታዲያ? አልኩት።

እማማ፣ አለቃዬ ናቸው፣ አማቴ ናቸው፣ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ በየት በኩል እምቢ ልበል? አለኝ።

ሚስትህ እንደምትውጥልህስ ታውቃለህ?

አውቃለሁ አለ።

እንደሷ አምነህ ነው?

ጋቢውን እንደገና አጣፋ። እንደሷ አላምንም አለኝ። ግን እማማ፣ እኔ እናቴን አላውቃትም። ስለ እኔ ብሎ መራራ የዋጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ተዪ ልላት አፌን እከፍታለሁ፤ አልችልም።

ይህን ሲለኝ እንኳ አላዘንኩለትም። ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ አንተ ደንቆሮ፣ አንተ የሴት ልብ ይዘህ በሰው ነፍስ የምትጫወት፣ የሚወለደውን ልጅ ዓይን እንዴት አድርገህ ታየዋለህ ብዬ አዋረድኩት። ያዘንኩት ኋላ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ፤ ረዳቱ ግን፣ እማማ አቧራ ገባብዎት? ብሎ መስኮቱን ዘጋልኝ።

አመተ ማርያምን ይዣት ነበር የመጣሁት። አክስቴ ዘንድ እሰነብታለሁ ብላ መልእክት የላከችብህ ለዚህ ነው። አስመረመርኳት። ለጊዜው ነጻ ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳትወልድ እንደገና ትታያለች። ሐኪሙ እንዲያውም፣ ያ የዋጠችው ክኒን እሷን ጠብቋት ይሆን? ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አለ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት። የተስካሩን ነገር ታጸናበታለች።

የሠረቀብርሃንን ነገር ስነግራት ሲስተር መስከረም አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔ ትስቃለች ብዬ ልቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሳቀችም። መድኃኒቱን አሁን አንቀይርም አለች፤ አዲሱም ቢሆን በማይውጠው ሰው ላይ አይሠራም። ሰዓቱን ግን ከማታ ወደ ቅዳሴ መውጫ እናዛውርለት፤ ከቅዳሴ ወጥቶ እህል ሲቀምስ አብሮ ይዋጠው። በጾም ቅዳሴው ስለሚዘገይ ጥቂት ሰዓት ወዲያ ወዲህ ቢል አይገድልም፤ የሚገድለው ሳምንቱን መዝለል ነው አለች። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደሙ እንደገና ይታያል። እስከዚያ አንድ ሰሞን እንኳ ከዘለለ ግን ቫይረሱ አሁን ያልተላመደውን መድኃኒት በእውነት ይላመደዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው መድኃኒት የከበደ ነው። ከዚያም ወዲያ እኛ ጓዳ ውስጥ የለም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ከበላይ ተቆጣጣሪዎች መጡ፤ በትልቅ መኪና፣ በአንገታቸው ወረቀት አንጠልጥለው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፋይል አገላበጡ። አንዱን አንሥተው፣ ስሙን ሸፍነው፣ ይህ ታማሚ ለሌሎቹ ምሳሌ የሚሆን ነው፣ ቆጠራው ከመቶ መቶ ነው አሉ። ፋይሉ የማን እንደሆነ አልነግርህም። እኔም፣ ክኒኑ ልክ ነው፣ የዋጠው ሰው ግን ሌላ ነው አልኳቸው። ሳቁ። እማማ ቀልደኛ ናቸው አሉ። አጨበጨቡና ምሳ ሊበሉ ሄዱ። እኔ ቢላዬን ይዤ ወደ አግዳሚው ሥር ተመለስኩ።

ያንገሸገሸኝን ሁሉ ነግሬህ አሁን ወደ አንተ ደረስኩ።

ሃይማኖት ነው እንዳትለኝ። ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለህ ከዐውደ ምሕረቱ ስታስተምር በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። አመተ ማርያምም ሰምታለች፤ ሠረቀብርሃንም። ስለዚህ ያ ቃል ከእምነት የወጣ አይደለም። የወጣው ከፍርሃት ነው። የፈራኸውም ለልጁ አይደለም። በሰሞነኞቹ ቤት አንድ ቄስ ክኒን ሲውጥ ከታየ፣ ከዚያ በኋላ ሰው የሌሎቹንም ቄሶች እጅና አፍ ማየት ይጀምራል። መሪጌታ ገብረኪዳን ጆሮው ቀጭን ነው።

አምና ለኅዳር ጽዮን ከአንተ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ከቅዳሴ ወጥተህ ገባህ። ማዕዱ ቀርቧል፣ እንግዳው ሁሉ ቡራኬህን ይጠብቃል። አንተ ግን ሳትቀመጥ ከመጋረጃው ጀርባ አለፍክ። መጋረጃው እስከ ጥግ አይደርስም። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ከመቀነትህ ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ስትፈታ፣ እጅህን ወደ አፍህ ስታደርስ፣ ውኃውንም ስትጎነጭ አየሁ። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ተመልሰህ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እኔ ሳልጠይቅህ፣ ለጨጓራዬ ነው አልከኝ። እግዚአብሔር ይማርህ አልኩህ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ክኒን ስሰጥ ነው፤ የጨጓራውን አውቀዋለሁ፤ ያ አልነበረም።

በየመንፈቁ ቆላ ወርደህ አረርቲ ለምን እንደምትሰነብት ጠይቄህ አላውቅም፤ እዚያ ዘመድ የለንም፤ መድኃኒቱን የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ግን አለ። የአመተ ማርያም እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በምን እንደሞተች አገሩ ያለውን እኔም ብዬ ዝም ብያለሁ። ዝም እንዳልኩ እሞታለሁ። ይህ ደብዳቤም ዝምታዬ ነው፤ ለአንተ ብቻ ነዋ።

ስንት ዓመት ሰሞንህን ስትቀድስ ኖርክ! ድምፅህ አልሰለለ፣ ወዝህ አልተገፈፈ። ደስ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። ግን የልጅህን ባል ሥጋ ወደሙ ይበቃሃል ስትለው፣ በዚያች ሰዓት መቀነትህ አልከበደህም? እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር በረዶ ውኃ ፊቴ ላይ እደፋለሁ። አይለቀኝም።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰሞኑ ነጻ አታውጣው፤ ያፍራል፣ ሰውም ለምን ይላል። ምክርም አትስጠው፤ ምክር ከእኛ ጠግቧል። ይቅርታም አትጠይቀው፤ ምን ይሉት ነገር ነው ብሎ ይደነግጥብሃል። ሰሞኑ በደብረ ዘይት ሳምንት ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ከቅዳሴ ስትወጡ፣ ና ልጄ ብለህ ወደ ቤትህ ውሰደው። ከመጋረጃው ጀርባ አስገባው። ከዚያ አንተ እንደምታደርገው አድርግ፤ እሱ ቆሞ ይይህ። እኛ እዚህ ሰዓቱን እንነግረዋለን፣ መጠኑን እንነግረዋለን። ቄስ በሰሞኑ እንዴት እንደሚውጥ ግን እኛ አናውቅም። ይህን የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው ሚስቱ የምትውጥለት።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው። ጥለህ አትሂድ፤ አመድ እስኪሆን ቆመህ እየው።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። የልጅ ልጅህን በእጅህ ታቅፈህ ክርስትና ለማንሣት ያብቃህ፤ አባቱንም አጠገብህ ያቁምልህ። መስቀልህን ከዚሁ ሆኜ ተሳልሜአለሁ።

ታላቅ እኅትህ